«ሲስተም የለም» በተባለ ጊዜ የተገልጋዩ መዝገብ የት ይገኛል?

በተሳሰሩ ኮንቴይነሮች ስለሚሠሩ የመንግሥት ዲጂታል አገልግሎቶች ለተገልጋዮች የቀረበ ማብራሪያ

መግቢያ

ከዓባይ ሸለቆ ዳርቻ ቀበሌዎች ተነሥቶ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ወደሆነችው መካነ ሰላም ለጉዳይ የሚወጣ ተገልጋይ፣ እንደዚሁም ከሳይንት ቀበሌዎች ወደ አጅባር ወይም ከለጋምቦ ቀበሌዎች ወደ አቀስታ የሚጓዝ ባለጉዳይ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሥራ ቀኑን ትቶ፣ የትራንስፖርት ወጪ አውጥቶ ወይም ረጅም የእግር መንገድ ተጉዞ ነው የሚደርሰው። አገልግሎት መስጫው መስኮት ላይ ቆሞ «ሲስተም የለም» የሚል መልስ ሲሰጠው ሁለት ጥያቄዎች ይነሡበታል። አንደኛው «አገልግሎቱ መቼ ይመለሳል?» የሚል ነው። ሁለተኛውና ከባዱ ደግሞ «ባለፈው ያስመዘገብኩት መረጃ ጠፍቶ ይሆን? እንደ አዲስ መመዝገብ ይኖርብኝ ይሆን?» የሚለው ነው።

ይህ ማብራሪያ ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ለመስጠት የተዘጋጀ ነው። ተገልጋዩ በስክሪን ላይ የሚያየው መተግበሪያና መዝገቡ የሚቀመጥበት የመረጃ ቋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው መቋረጥ የሁለተኛው መጥፋት ማለት አይደለም። ይሁን እንጂ የመዝገቡ ደኅንነት በራሱ የሚገኝ ሳይሆን አገልግሎት ሰጪው ተቋም በሚያደርገው ጥንቃቄ የሚጸና ነው። ይህን ልዩነት ማወቅ ተገልጋዩን ከአላስፈላጊ ሥጋትና ከድጋሚ ምዝገባ ያድነዋል፤ ተገቢውን ጥያቄ ለሚመለከተው አካል ለማቅረብም ያስችለዋል።

መተግበሪያና የመረጃ ቋት

ማንኛውም በኢንተርኔት የሚሰጥ አገልግሎት ቢያንስ ሁለት ክፍሎች አሉት። መተግበሪያው ተገልጋዩ ወይም የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ በስክሪን ላይ የሚያየውን ቅጽ ያቀርባል፣ የተሞላውን ይቀበላል፣ ትክክለኛነቱን ያጣራል፣ መልስም ይሰጣል። የመረጃ ቋቱ፣ በተለምዶ ዳታቤዝ የሚባለው፣ የተመዘገበውን ስም፣ ቀን፣ ቁጥርና ሰነድ በሥርዓት አስቀምጦ በተጠየቀ ጊዜ ፈልጎ ያቀርባል።

የደጋው ገበሬ ይህን በቀላሉ ከሚያውቀው ነገር ጋር ሊያነጻጽረው ይችላል። መተግበሪያው እንደ ወፍጮ ቤት፣ የመረጃ ቋቱ እንደ ጎተራ ነው። ወፍጮው ቢበላሽ ዱቄት ለጊዜው ይቋረጣል እንጂ በጎተራ ያለው እህል አይነካም። ወፍጮው ይጠገናል፤ ካልሆነም በሌላ ይተካል። ጎተራው ከተቃጠለ ግን ጉዳቱ የዓመት ቀለብ ማጣት ነው። በመሆኑም ከሁለቱ ይበልጥ ሊጠበቅ የሚገባው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

በአገራችን ለዚህ አሠራር በምሳሌነት ከሚጠቀሱት ሥርዓቶች አንዱ በጤና ሚኒስቴር የሚመራውና የጤና ተቋማት ሪፖርት የሚሰበሰብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ የሚለማው በኖርዌይ በሚገኘው የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት ሲሆን፣ መረጃውን የሚያስቀምጠው ፖስትግሬስኪውኤል በተባለ የመረጃ ቋት ነው። ማንኛውም ተቋም በነፃ ሊጠቀምበት የሚችለው ይህ የመረጃ ቋት ከዚህ በታች በሚብራራው የፋይዳ መሠረተ ሥርዓት ውስጥም ይገኛል።

ኮንቴይነር ምንድን ነው?

በከተሞቻችን «ኮንቴይነር» ሲባል በመጀመሪያ የሚታሰበው ዕቃ የሚጫንበት ወይም ሱቅ የሚከፈትበት የብረት ሳጥን ነው። በኮምፒውተር ሙያም ስሙ የተወሰደው ከዚሁ ነው። የብረቱ ኮንቴይነር መጠኑ አንድ ዓይነት በመሆኑ በመርከብም፣ በባቡርም፣ በከባድ መኪናም ሳይከፈት እንደሚጓጓዝ ሁሉ፣ የሶፍትዌር ኮንቴይነርም አንድን ፕሮግራም ለሥራው ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ጋር አንድ ላይ አሽጎ ይይዛል። በአዲስ አበባ ባለ የመረጃ ማዕከል የተዘጋጀው ኮንቴይነር በደሴም ሆነ በመካነ ሰላም ባለ ተመሳሳይ ዓይነት ኮምፒውተር ላይ ያለ ተጨማሪ ማስተካከያ ሊሠራ ይችላል።

ይህን አሠራር በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የቀረበው ዶከር የተባለው ሶፍትዌር ነው። ብዙ ኮንቴይነሮችን በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 በጉግል ይፋ ሆኗል። ሁለቱም የተመሠረቱት ሊኑክስ የተባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ፕሮግራሞችን እርስ በርስ በሚለይበት ችሎታ ላይ ነው።

የኮንቴይነር ዋና ጠባይ ተተኪነቱ ነው። እያንዳንዱ ኮንቴይነር የሚነሣው ኢሜጅ ከሚባል የማይለወጥ ቅጂ ነው። ኮንቴይነሩ ቢበላሽ ባለሙያው አይጠግነውም፤ አጥፍቶ ከዚያው ኢሜጅ ሌላ አዲስ ያስነሣል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንዶች ወይም በጥቂት ደቂቃዎች የሚፈጸም ነው። የመተግበሪያ ብልሽት በፍጥነት ሊስተካከል የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለቱ ኮንቴይነሮች የሚገናኙበት መንገድ

መተግበሪያውና የመረጃ ቋቱ በሁለት የተለያዩ ኮንቴይነሮች ውስጥ ሲቀመጡ የሚገናኙበት መንገድ ያስፈልጋቸዋል። በቀድሞው የዶከር አሠራር አንዱ ኮንቴይነር ከሌላው ጋር በቀጥታ ይታሰር ነበር። አሁን የሚመከረው ሁለቱን በአንድ የግል ኔትወርክ ውስጥ ማስገባትና በስም እንዲጠራሩ ማድረግ ነው።

በስም መጠራራት የሚያስፈልግበት ምክንያት ግልጽ ነው። ኮንቴይነር በተተካ ቁጥር የኔትወርክ አድራሻው ሊለወጥ ይችላል፤ ስሙ ግን አይለወጥም። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ለኃላፊው በግል ስሙ ሳይሆን ለጽሕፈት ቤቱ እንደሚጻፍ ሁሉ፣ መተግበሪያውም የመረጃ ቋቱን የሚፈልገው በቋሚ ስሙ ነው። ኃላፊ ቢለወጥም ደብዳቤው ከቦታው ይደርሳል።

በዚህ አሠራር ከውጭ ለሚመጣ ጥያቄ ክፍት የሚሆነው የመተግበሪያው በር ብቻ ነው። የመረጃ ቋቱ በግል ኔትወርኩ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚቀመጥ ከመተግበሪያው በስተቀር ማንም በቀጥታ ሊደርስበት አይገባም። መተግበሪያውም ቢሆን የሚገባው በተሰጠው የይለፍ ቃል ነው። የተገልጋዩ ስም፣ የትውልድ ቀንና አሻራ ከባዕድ ዓይን የሚጠበቁበት የመጀመሪያው አጥር ይህ ነው።

ሌላው ሊታወቅ የሚገባው የአነሣስ ቅደም ተከተል ነው። በሆስፒታል ወይም በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ የሚሠራ ሥርዓት መብራት ሄዶ በተመለሰ ጊዜ ወዲያው አገልግሎት ላይጀምር ይችላል። የመረጃ ቋቱ ሲነሣ በድንገተኛው መቋረጥ ያላለቁ ሥራዎችን አጣርቶ መዝገቡን ያስተካክላል፤ ይህም ጊዜ ይወስዳል። መተግበሪያው ከእርሱ ቀድሞ ከተነሣ ቋቱን ስለማያገኘው ስሕተት ያሳያል። በአግባቡ በተደራጀ ሥርዓት መተግበሪያው የመረጃ ቋቱ ዝግጁ መሆኑ እስኪረጋገጥ ይጠብቃል። በመሆኑም መብራት ከመጣ በኋላ ሠራተኛው «ትንሽ ይጠብቁ» ቢል ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሲገባ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ቀን በመካነ ሰላም ያለ ተማሪም፣ በጅግጅጋ ያለ ተማሪም በአንድ ሰዓት ወደ አንድ ድረ ገጽ ይገባሉ። በእንዲህ ዓይነት ጊዜ የኮንቴይነር አሠራር ጥቅሙ ጎልቶ ይታያል። ባለሙያዎች ከአንዱ ኢሜጅ አሥር ወይም ሃያ የመተግበሪያ ኮንቴይነሮችን አስነሥተው ተጠቃሚውን ሊያከፋፍሉ ይችላሉ። የመረጃ ቋቱን ማብዛት ግን እንዲህ ቀላል አይደለም፤ ሁሉም ኮንቴይነሮች የሚጠይቁት አንድ መዝገብ ስለሆነና መዝገቡ በሁለት ቦታ የተለያየ ሆኖ ሊገኝ ስለማይገባ ነው። ስለዚህ ገጹ ተከፍቶ ውጤቱ ሲዘገይ ወይም በመሐል ሲቋረጥ መዝገቡ ጠፍቷል ማለት አይደለም። ወረፋው የመረጃ ቋቱ በር ላይ ነው። ገጹን በተደጋጋሚ ማደስ ወረፋውን ያረዝመዋል።

መዝገቡ የሚቀመጥበት ስፍራ

ከላይ እንደተገለጸው ኮንቴይነር ይጠፋል፣ ይተካል። በኮንቴይነሩ ውስጥ ብቻ የተጻፈ መረጃም ኮንቴይነሩ ሲሰረዝ አብሮ ይሰረዛል። በዚህ ምክንያት የመረጃ ቋት በኮንቴይነር ሲሠራ መዝገቡ ከኮንቴይነሩ ውጭ፣ ቮልዩም በሚባል ቋሚ የማከማቻ ስፍራ ላይ መጻፍ አለበት። ይህ ከተደረገ የመረጃ ቋቱ ኮንቴይነር ራሱ ቢሰረዝ እንኳ አዲሱ ኮንቴይነር ተነሥቶ ከዚያው ቮልዩም ላይ ሥራውን ይቀጥላል። ይህ ካልተደረገ ግን እህሉን ወፍጮ ቤት ትቶ እንደመሄድ ነው።

ቮልዩም ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ኮምፒውተሩ ቢሰረቅ፣ ዲስኩ ቢበላሽ ወይም ሕንፃው በእሳት ቢጎዳ ቮልዩሙም አብሮ ይጠፋል። በመሆኑም የመጠባበቂያ ቅጂ፣ በተለምዶ ባክአፕ የሚባለው፣ ሦስት ነገሮችን ማሟላት ይገባዋል፦

• በተወሰነ ጊዜ፣ ለምሳሌ በየቀኑ፣ ሳይቋረጥ መወሰድ አለበት። ቅጂው የሚወሰደው በሳምንት አንድ ጊዜ ከሆነ በአደጋ ጊዜ እስከ ሰባት ቀን የተመዘገበ ሥራ ሊጠፋ ይችላል።
• ከዋናው ኮምፒውተር በተለየ ቦታ መቀመጥ አለበት።
• ቅጂው ወደ ሥራ መመለስ መቻሉ በየጊዜው ተሞክሮ መረጋገጥ አለበት። ያልተሞከረ ቅጂ ማስተማመኛ ሊሆን አይችልም።

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ እንደ ምሳሌ

የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ በኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 መሠረት የሚሰጥ ነው። መሠረተ ሥርዓቱ ሞሲፕ የተባለ፣ በሕንድ አገር በባንጋሎር ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 የተጀመረ፣ አገሮች በነፃ የሚጠቀሙበት ክፍት ሶፍትዌር ነው። ሞሲፕ የተነደፈው እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ በሚሠሩ፣ እርስ በርስ በተሳሰሩ ብዙ ኮንቴይነሮች እንዲሠራ ሲሆን፣ መዝገቡን የሚያስቀምጠው በፖስትግሬስኪውኤል ነው።

ተመዝጋቢው የፊት ፎቶግራፍ፣ የአሥር ጣቶች አሻራና የሁለት ዓይኖች አይሪስ ይሰጣል። ኔትወርክ በማይደርስባቸው ወይም በሚቆራረጥባቸው የገጠር ቀበሌዎች የምዝገባ መሣሪያው ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ ሆኖ ተዘጋጅቷል። የተሰበሰበው መረጃ በመሣሪያው ላይ በምስጢር ቁልፍ ተቆልፎ በአንድ ጥቅል ይቀመጣል፤ ኔትወርክ በተገኘ ጊዜ ወደ ማዕከል ይላካል። በማዕከሉ ጥቅሉ ይጣራል፣ አሻራው ቀድሞ ከተመዘገቡት ጋር ይነጻጸራል፣ ከዚያ በኋላ 12 አኃዝ ያለው የፋይዳ ቁጥር ይወጣል።

ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ትምህርቶች ይገኛሉ። የመጀመሪያው፣ ከምዝገባ በኋላ የፋይዳ ቁጥር መዘግየቱ ብቻውን ምዝገባው መጥፋቱን አያሳይም፤ ጥቅሉ ገና አልተላከ ወይም በማጣራት ላይ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ በሥጋት ተነሥቶ እንደገና መመዝገብ ጉዳዩን አያፋጥንም። ሥርዓቱ አንድ ሰው አንድ ቁጥር ብቻ እንዲኖረው አሻራን ስለሚያነጻጽር ሁለተኛው ምዝገባ ውድቅ ይሆናል። የተገልጋዩም የመዝጋቢውም ድካም በከንቱ ይቀራል። ቀድሞ የተሰጠውን የምዝገባ ቁጥር ይዞ ሁኔታውን ማጣራት ትክክለኛው መንገድ ነው።

«ሲስተም የለም» የሚለው ቃል አራት ትርጉሞች

ይህ አባባል በመስኮት ላይ አንድ ይምሰል እንጂ አራት የተለያዩ ሁኔታዎችን ሊገልጽ ይችላል።

1. በጽሕፈት ቤቱ መብራት የለም ወይም ኮምፒውተሩ ተበላሽቷል። ሰርቨሩ በሌላ ከተማ ከሆነ መዝገቡ አልተነካም። አገልግሎቱ በሌላ ጽሕፈት ቤት ወይም በስልክ ሊገኝ ይችላል።

2. የኢንተርኔት ግንኙነት ተቋርጧል። መተግበሪያውም የመረጃ ቋቱም በማዕከል እየሠሩ ነው፤ መንገዱ ግን ተዘግቷል። በዚህ ጊዜም መዝገቡ ደኅና ነው። ይሁንና መቋረጡ ቅጽ በመሙላት ላይ ሳለ የደረሰ ከሆነ የዚያ ቅጽ መረጃ ላይመዘገብ ይችላል።

3. መተግበሪያው ተቋርጧል። ኔትወርክ አለ፣ ሌሎች ድረ ገጾች ይከፈታሉ፣ የዚህ አገልግሎት ገጽ ግን አይከፈትም ወይም ስሕተት ያሳያል። ባለሙያዎች ኮንቴይነሩን በመተካት የሚፈቱት ነው። አስቀድሞ የተመዘገበው ደኅና ነው።

4. የመረጃ ቋቱ ተቋርጧል። ገጹ ይከፈታል፤ ሲፈለግ ግን መዝገቡ አይገኝም። አብዛኛውን ጊዜ ይህም ጊዜያዊ ነው። ማከማቻው ራሱ ከተጎዳ ግን ሥራው የሚመለሰው ከመጠባበቂያ ቅጂ ሲሆን፣ ከመጨረሻው ቅጂ በኋላ የተመዘገቡ ጥቂት ጉዳዮች እንደገና መሞላት ሊኖርባቸው ይችላል። በእጅ የተያዘ ደረሰኝ ዋጋው የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

ከተገልጋዩ የሚጠበቅ

• ምዝገባ ሲያጠናቅቅ የምዝገባ ቁጥሩን ወይም ደረሰኙን ሳይቀበል ከመስኮቱ መነሣት አይገባውም። ቁጥሩ በስክሪኑ ላይ ታይቶ ካልወጣ ምዝገባው መጠናቀቁን መጠየቅ አለበት።
• ደረሰኙን በስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ መያዝ፣ ስልክ የሌለው ደግሞ ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ከቤተሰቡ አባል ጋር ማስቀመጥ ይጠቅመዋል።
• «ሲስተም የለም» ሲባል ከአራቱ ሁኔታዎች የትኛው እንደሆነ በትሕትና መጠየቅ ይችላል። መልሱ በዚያው ቀን መጠበቅ፣ ወደ ሌላ ጽሕፈት ቤት መሄድ ወይም በሌላ ቀን መመለስ የሚሻል መሆኑን ለመወሰን ይረዳዋል።
• ጉዳዩ የጊዜ ገደብ ያለበት ከሆነ የቀረበበት ቀን በጽሑፍ እንዲያዝለት መጠየቅ አለበት። ለምሳሌ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ ይገባዋል።
• ሥርዓቱ ሲመለስ ቁጥሩን ይዞ መዝገቡን ማጣራት ይቀድማል። መዝገቡ አለመኖሩ ሳይረጋገጥ እንደገና መመዝገብ አይገባም።
• የምዝገባ ቁጥሩንም ሆነ በስልኩ የሚደርሰውን የማረጋገጫ ቁጥር «እኔ ላስተካክልልህ» ለሚል ሦስተኛ ወገን መስጠት አይገባም።

ከተቋሙ የሚጠበቅ

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን የግል መረጃ የሚይዙ አካላት መረጃውን ከመጥፋትና ካልተፈቀደ አጠቃቀም የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባቸው ይደነግጋል። የአዋጁን አፈጻጸም እንዲቆጣጠር ሥልጣን የተሰጠው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ባለ መረጃውም ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማወቅና ስሕተት ካለው እንዲታረም የመጠየቅ መብት አለው።

ይህ ግዴታ በሥራ ሲተረጎም ከላይ ከተብራሩት ጉዳዮች ጋር ይገናኛል። የመረጃ ቋቱ ለውጭ ኔትወርክ በቀጥታ የተከፈተ አለመሆኑ፣ መዝገቡ ከኮንቴይነሩ ውጭ በቋሚ ማከማቻ ላይ መጻፉ፣ መጠባበቂያ ቅጂው በሌላ ቦታ መኖሩና መሞከሩ፣ አገልግሎት ሲቋረጥም ምክንያቱና የሚመለስበት ጊዜ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መገለጹ የሚጠበቁ ናቸው። ተገልጋዩ የቴክኒክ ባለሙያ መሆን አይጠበቅበትም። «የመረጃ ቋታችሁ መጠባበቂያ ቅጂ የት ነው? ተመልሶ የተሞከረውስ መቼ ነው?» ብሎ መጠየቅ ግን ይችላል። የማኅበረሰብ ተወካዮችም ይህን ጥያቄ በሕዝብ መድረክ ሊያነሡት ይገባል።

ማጠቃለያ

በተሳሰሩ ኮንቴይነሮች የሚሠራ አገልግሎት የሚበላሸው ክፍል በቀላሉ እንዲተካ፣ የማይተካው ክፍል ደግሞ ተለይቶ እንዲጠበቅ ተደርጎ የተዘጋጀ ነው። የሚተካው መተግበሪያው ሲሆን፣ የማይተካው የዜጋው መዝገብ ነው። በደረሰኝ የተረጋገጠ ምዝገባ ያለው ተገልጋይ በመተግበሪያ መቋረጥ ምክንያት መብቱን አያጣም። ቁጥሩን ጠብቆ መያዝ የተገልጋዩ ድርሻ ነው። መዝገቡን ጠብቆ መያዝ የተቋሙ ኃላፊነት ነው።